ነርሷ ትችላለች፤ ግን ለምን ትትጋ?

ከመሐል ሜዳ ሪፈር የተጻፈላት ወላድ ደብረ ብርሃን ለመድረስ የመንዝን ደጋ ማቋረጥ አለባት። ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ታካሚ ደግሞ የጀማን ሸለቆ ይሻገራል። ግጭቱ መንገድ ሲዘጋ ይህም አይቻልም። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የነርስ ብቃት ማለት ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ዕድል ማለት ነው።

ስለ ነርሶች ሲነሳ ግማሻችን «ሥልጠና ይጎድላቸዋል»፣ ግማሻችን «ፍላጎት የላቸውም» እንላለን። እኔ ሁለቱን መነጠል አይቻልም ባይ ነኝ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ቪክቶር ቭሩም እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳስቀመጠው ችሎታና ተነሳሽነት አይደመሩም፤ ይባዛሉ። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው።

ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት አስቡ። ብዙውን ጊዜ ደም ግፊቷ ከመውረዱ በፊት የልብ ምቷ ይፈጥናል። ይህን ማወቅ ችሎታ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በዚያ የመንዝ ብርድ፣ ተነስቶ ምቱን መቁጠር ደግሞ ተነሳሽነት ነው። የማታውቀው ነርስ ብትቆጥርም ትርጉሙ አይገባትም። የምታውቀው ካልተነሳች ደግሞ ቻርቱ ላይ የቀድሞውን ቁጥር ትደግማለች። ለእናቲቱ ሁለቱም ያው ናቸው።

ጤና ሚኒስቴር በ2008 በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ለማፍራት ተነስቶ ነበር። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ርኅራኄ ግን በፖስተር አይመጣም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በክፍያ ጥያቄ ነው፤ በዚህም የታሰሩ ነበሩ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ባዶ ጆንያ አይቆምምና ጭማሪው ተገቢ ነው።

ችግሩ፣ ደመወዝ ለምትተጋዋም ለምታንቀላፋዋም እኩል ነው የሚገባው። ትጋትን የሚያቆየው ሌላ ነው፤ የዱቲ ክፍያ በወቅቱ ሲደርስ፣ ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን አልጋው አጠገብ ሲሰጥ፣ ጓንትና ኦክሲቶሲን ሲኖር፣ ግሼ ራቤል የተመደበች ልጅ ዝውውሯ መቼ እንደሚደርስ ስታውቅ። አለቃዋ «ጥሩ ሠርተሻል» ሲላትም ጭምር፤ ይሄ ደግሞ በጀት አይጠይቅም።

እንግዲህ ነርስ ተኝታ ስናገኝ ስልካችንን አውጥተን ከመቅረጻችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ሳትተኛ ያደረችበትን ሌሊት ማን ቆጠረላት?