ችግኝ ከመተከሉ በፊት የአበባው ዱቄት ይታሰብ

ኅብረት ሥራ ማኅበራት የብርቱካንና የመንደሪን ችግኝ ሲረከቡ ስለ ጉድጓዱ ስፋት፣ ስለ ውኃውና ስለ ማዳበሪያው መጠየቃቸው የተለመደ ነው። የትኛው ዝርያ ከየትኛው አጠገብ ይቁም የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። በእኛ አስተያየት ይህ ጥያቄ መቅደም ይገባዋል። ውኃና ማዳበሪያ በየዓመቱ ሊታረም ይችላል፤ የዛፍ ቦታ ግን አንዴ ከተወሰነ ለብዙ ዓመታት አይለወጥም።

የእነዚህ ተክሎች የአበባ ዱቄት እጅግ ደቃቅ ነው። ከ30 እስከ 40 ቅንጣቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሞሉ ነው። ዱቄቱ የሚያጣብቅ ስለሆነ ነፋስ እንደ ልቡ አይወስደውም፤ ከአበባ ወደ አበባ የምታደርሰው በተለይ ንብ ናት። የዱቄቱ ጠባይ ግን እንደ ዝርያው ይለያያል።

ሀ/ ዋሽንግተን ኔቭል ብርቱካን፦ ሕይወት ያለው ዱቄት የለውም። ፍሬ የሚይዘው ያለ ዱቄት ስለሆነ ፍሬው ዘር አልባ ነው። ብቻውን ቢተከል አይጎዳም፤ ለጎረቤቱም ዱቄት አይሰጥም።

ለ/ ክሌመንታይን መንደሪን፦ ዱቄቱ ደህና ነው፤ ነገር ግን የራሱን አይቀበልም። ለብቻው ሲቆም ፍሬው ዘር አልባ ይሆናል፤ የሌላ ዝርያ ዱቄት ሲደርሰው ዘር ይበዛበታል።

ሐ/ ሚኔዮላ፦ ይህም የራሱን ዱቄት አይቀበልም። ለብቻው በሰፊ ማሳ ሲተከል ምርቱ ስለሚያንስ ዱቄት የሚለግስ አጋር ያስፈልገዋል። ኔቭል ለዚህ አይረዳውም።

እንግዲህ ሚኔዮላና ክሌመንታይን ጎን ለጎን ቢተከሉ የመጀመሪያው ያተርፋል፤ ሁለተኛው ዘር አልባ ተብሎ የሚሸጥበትን ዋጋ ያጣል። ሚኔዮላ ብቻውን ቆሞ ፍሬ ሲነፍግም ጥፋቱ በአፈሩ ይላከክና ገንዘብ በከንቱ ለማዳበሪያ ይወጣል።

ልዩ ልዩ ዝርያ ቀላቅሎ መትከል የገበያ ዋስትና ነው የሚሉ አሉ። ለጓሮ አትክልት እንስማማለን። ለገበያ በሚመረትበት ማሳ ግን መቀላቀሉ በዕቅድ መሆን አለበት። ንብ ሩቅ ስለምትበር አንድ ሁለት ረድፍ መለየት አይበቃም።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከማኅበሩ ጋር ሦስት ነገር እንዲፈጽም እናሳስባለን፦ ችግኙ ሲመጣ የዝርያውን ስም ማረጋገጥ፣ የማሳውን ንድፍ በወረቀት ላይ አስቀድሞ ማውጣት፣ በአበባ ወቅት ንብ የሚገድል መድኃኒት አለመርጨት። ንድፉ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ስሕተቱ ግን የዛፉን ዕድሜ ያህል ይቆያል።