ሳይመረመር የተፈረደበት ኮምፒዩተር

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ኑዛዜ አለን። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ለእጅ ስልክ የሚሆን አንድ አነስተኛ ፕሮግራም እንድንጽፍና ሲሠራ የሚያሳይ ሥዕል ከስክሪኑ ላይ አንሥተን እንድናቀርብ ታዘዝን። አብረን የምናጠና ስድስት ተማሪዎች ነን። ከስድስታችን መካከል ፕሮግራሙ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲሠራ ያየው አንዱ ብቻ ነበር። የቀረነው አምስታችን ፕሮግራሙን በራሳችን እጅ ብንጽፈውም፣ ሥዕሉን ያነሣነው ግን ከዚያ ከአንዱ ወንድማችን ስክሪን ላይ ነው። መምህራችን አላወቁብንም፤ ማርካችንም አልተቀነሰም። ነገር ግን ያላየነውን እንዳየን አድርገን ማቅረባችንን እኛው እናውቃለንና፣ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

ለምን እንዲህ አደረግን? ኢሙሌተሩ በኮምፒዩተራችን ላይ አልከፈት ስላለን ነው። ታዲያ አለመከፈቱን ለመምህራችን ለምን አልነገርናቸውም? ስላፈርን ነው። የአንዳችን ኮምፒዩተር ከታላቅ ወንድም የተወረሰ፣ የሌላችን ከመርካቶ ያገለገለ የተገዛ መሆኑን በሰው ፊት መናገር እንደ ነውር ታየን። «አርጅቷል፤ አይችልም» ብለን ፈረድንና ነገሩን ዘጋነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ ያደግን ሰዎች፣ በሽታችንን ደብቀን ተቀመጥን።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው እንግዲህ ይህን ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር ሳይመረመር አይፈረድበት። ተመርምሮ በእውነት የማይችል ሆኖ ቢገኝም፣ ይህ ለባለቤቱ ተማሪ ኀፍረት ሊሆን አይገባም።

ኢሙሌተር ማለት አንድ መሣሪያ ሌላውን መሣሪያ መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ነገር ነው። እኛን ያስቸገረን የአንድሮይድ ኢሙሌተር በላፕቶፑ ውስጥ አንድ ሙሉ ስልክ ይፈጥራል፤ ስልኩ የሚጨበጥ አካል የለውም እንጂ ይበራል፣ ይነካል፣ ፕሮግራምም ይጫንበታል። ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ባስታወቀ ጊዜ፣ ደንበኞቹ በ1959 ለወጣው ለ1401 ኮምፒዩተር ያጻፏቸው ፕሮግራሞች እንዳይጣሉባቸው በአዲሱ መሣሪያ ውስጥ አሮጌውን መስሎ የሚሠራ ኢሙሌተር አብሮ አቅርቦ ነበር። በዚያን ጊዜ አዲሱ አሮጌውን እንዲመስል ተጠየቀ። ዛሬ እኛ በተገላቢጦሽ አሮጌውን ላፕቶፕ አዲስ ስልክ እንዲመስል እንጠይቀዋለን። የራሱን ሥራ እየሠራ የሌላውን ሸክም ይሸከማልና ጥያቄው ከባድ መሆኑን አንክድም። ከባድ ማለት ግን የማይቻል ማለት አይደለም።

ከአምስቱ ኮምፒዩተሮች የመጀመሪያው ያገኘው መከራ ለሁላችንም ትምህርት ነው። ባለቤቱ ወንድማችን ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ይዞት ሄደ። ሠራተኛው አንድ ጊዜ ከፍቶ አየና «ፎርማት ይፈልጋል» አለው። ወንድማችን ገንዘቡን ከፈለ፤ ኮምፒዩተሩም ፎርማት ተደረገ። የሁለት ዓመት የትምህርት ማስታወሻውና የቤተሰቡ ፎቶግራፎች አብረው ጠፉ። ማታ ኢሙሌተሩን እንደ ገና ጭኖ ቢሞክረው፣ እንደ ቀድሞው አልከፈት አለ።

በሽታው የነበረው ሌላ ቦታ ነው። ፕሮሰሰሩ በውስጡ ሌላ ኮምፒዩተር ለማስተናገድ የሚረዳው ቨርቹዋላይዜሽን የሚባል ችሎታ አለ። ኢንቴል ይህን ችሎታ በ2005 እ.ኤ.አ. በፕሮሰሰሮቹ ላይ ማውጣት ጀመረ፤ ኤ ኤም ዲ በ2006 ተከተለ። ይሁን እንጂ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ችሎታው እያለ እንደ ተዘጋ ይቀመጣል። የሚከፈተውም ዊንዶውስ ውስጥ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ በሚገባበት ባዮስ በሚባለው ክፍል ነው። ስለዚህ ዊንዶውስን መቶ ጊዜ ፎርማት ቢያደርጉት ይህ ቅንብር አይነካም።

ምርመራው ደግሞ ቀላል ነው። ታስክ ማኔጀርን ከፍቶ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር ሲፒዩ የሚለውን መጫን፤ ከዚያም ቨርቹዋላይዜሽን ከሚለው ቃል አጠገብ ኢኔብልድ ወይም ዲሴብልድ መባሉን ማንበብ ነው። ዲሴብልድ ከሆነ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ እንደ ገና ሲያስነሡት፣ በኤች ፒ ላይ ኤፍ 10ን፣ በዴል ላይ ኤፍ 2ን፣ በሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1ን ደጋግሞ በመጫን ባዮስ ውስጥ ይገባል። ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን አብርቶ፣ ሴቭ አድርጎ መውጣት ነው። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ! ወንድማችን ለዚህች አምስት ደቂቃ የሁለት ዓመት ማስታወሻውን ከፈለ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ስድስታችን ተሰብስበን ለራሳችን ሦስት ሕግ አወጣን። አንደኛ፣ መጀመሪያ የስሕተቱን መልእክት እስከ መጨረሻው እናነባለን። ሁለተኛ፣ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን፤ ሦስቱን ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅምና። ሦስተኛ፣ የሞከርነውን ሁሉ፣ ያልሠራውንም ጭምር፣ በደብተር እንጽፋለን።

ስለ መጀመሪያው ሕግ አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ጊዜ አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚያወጣት መልእክት ኢሙሌተሩ መቋረጡን ብቻ የምትናገር ነች። ይህች መልእክት መሞቱን ታረዳለች እንጂ የሞተበትን ምክንያት አትናገርም። ምክንያቱን ለማግኘት ኮማንድ ፕሮምፕት በሚባለው ጥቁር መስኮት ወደ ኢሙሌተሩ ፎልደር ገብቶ፣ ኢሙሌተሩን ከዚያው በስሙ ጠርቶ ማስነሣት ይበጃል። ያን ጊዜ ያስቸገረውን ነገር በረድፍ ይዘረዝረዋል። እንግሊዝኛው ቢያስቸግርም፣ ከመስመሮቹ አንዷ ቁልፉን ይዛ ትገኛለች።

የሁለተኛዋ ኮምፒዩተር ባለቤት እኅታችን ነች። የርሷ ላፕቶፕ ከአምስቱ ሁሉ አዲሱ ነበር፤ ስለዚህ «አርጅቷል» የሚለው ፍርድ ለርሷ እንኳ አይሠራም ነበር። ጥቁሩ መስኮት የነገረን፣ ኢሙሌተሩ የስልኩ ፋይል የተቀመጠበትን መንገድ ማግኘት አለመቻሉን ነው። መንገዱን ብናየው በመካከሉ የእኅታችን ስም በገዛ ፊደላችን ተጽፏል። ዊንዶውስን ስታቋቁም ስሟን በአማርኛ ጽፋ ነበርና፣ ዊንዶውስ በዚያው ስም ፎልደር ሠርቶላታል። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ከእንግሊዝኛ ፊደል ሌላ ፊደል በመንገዱ ሲያገኝ የሚሰናከል ፕሮግራም ዛሬም አለ። ስሟን መለወጥ አላስፈለጋትም። በሲ ድራይቭ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተሰየመ አንድ ፎልደር ሠራን፤ በዊንዶውስ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ውስጥ አንድሮይድ ኤቪዲ ሆም የተባለውን ስም ወደዚያ ፎልደር አመለከትነው፤ ኢሙሌተሩም ተነሣ። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሆኖ ሳለ፣ በስሟ ያፈረችው ግን እኅታችን ነበረች።

የሦስተኛው ወንድማችን ችግር ያረጀ ምክር ነው። ከዓመታት በፊት በተቀረጸ ቪዲዮ እየተመራ ሃክስም የተባለውን የኢንቴል ረዳት ፕሮግራም ለመጫን ሲታገል ሰነበተ። ኢንቴል ግን ሃክስምን ማሻሻል በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አቁሟል። ዛሬ በዊንዶውስ ላይ በእርሱ ፈንታ የዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም ወይም ለአንድሮይድ ኢሙሌተር የተዘጋጀው ሃይፐርቫይዘር ድራይቨር ይሠራል። ሁለተኛው ሃይፐር ቪ የተባለው የዊንዶውስ አገልግሎት በርቶ ሳለ እንደማይሠራ መታወቅ አለበት። የወንድማችን ኮምፒዩተር የመጀመሪያውን ብናበራለት ዳነ። መካሪ ሲናገር መቼ እንደ ተናገረ መጠየቅ እንዳለብን ከዚህ ተማርን።

በአራተኛው ኮምፒዩተር ላይ መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ይህ ያረጀ የግራፊክስ ድራይቨር ምልክት ሆኖ ተገኘ። በኢሙሌተሩ ቅንብር ውስጥ ግራፊክስ የሚለውን ሶፍትዌር ወደሚለው ብንመልሰው፣ ሥዕሉን የመሣሉን ሥራ ፕሮሰሰሩ ተረከበና ስልኩ ተከፈተ። እርግጥ ነው፣ ያዘግማል። ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አምስተኛው ግን በእውነት የማይችል ሆነ። ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ችሎታ ከነጭራሹ የሌለው፣ ሜሞሪውም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። አዘጋጆቹ ለአንድሮይድ ስቱዲዮ ብቻ 8፣ ከኢሙሌተሩ ጋር ደግሞ 16 ጊጋባይት ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ምርመራው ቆመ፤ ወንድማችን ግን አልቆመም። በኪሱ እውነተኛ ስልክ እያለ የስልክ ምስል ለምን ይፈልጋል? በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ሲነካው ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባለው ተገለጠ፤ ከዚያም ዩ ኤስ ቢ ዲበጊንግ የሚለውን አብርቶ ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘ። የመጀመሪያው ገመድ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ዳታ የማያሳልፍ ስለ ነበረ አልሠራም፤ በሁለተኛው ገመድ ሠራ። ፕሮግራሙን በገዛ ስልኩ ላይ ሲያየው የተሰማውን ደስታ፣ በተዋሰው ሥዕል ካገኘው ማርክ ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ነው» ይል ይሆናል። መግዛት የሚችል ይግዛ፤ አንከለክለውም። ግን ወላጅን ላፕቶፕ ግዙልኝ ብሎ ከማስጨነቅ በፊት አምስት ደቂቃ መመርመር ምን ይከብዳል? ደግሞስ ከአምስቱ አራቱ አዲስ አላስፈለጋቸውም። ሌላው «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው» ይላል። ባለሙያን እናከብራለን። ነገር ግን ነገ ባለሙያ እንባላለን ብለን የምንማር እኛ፣ የራሳችንን መሣሪያ ጠባይ ካላወቅን የማንን ልናውቅ ነው?

ስለዚህ ሦስት አሳብ እናቀርባለን። ለተማሪዎች ማኅበራችን፦ በማኅበሩ ክፍል አንድ ወፍራም ደብተር ይቀመጥ፤ ኮምፒዩተሩ ያስቸገረው ሁሉ የስሕተቱን መልእክት፣ የኮምፒዩተሩን ዓይነትና ያዳነውን ነገር ይጻፍበት። እኛ አምስቱን ታሪክ አስቀድመን እንጽፋለን። ለመምህሮቻችን፦ የቤት ሥራው ምን ዓይነት ኮምፒዩተር እንደሚጠይቅ በመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ይነገረን፤ በእውነተኛ ስልክ ላይ የተሠራውም ሥራ እኩል ይታይ። ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን፦ «የኔ አልከፈት አለ» ለማለት አትፈሩ፤ ፎርማት ይደረግ ከመባሉም በፊት ማስታወሻችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ይህ እትም መምህራችን እጅ እንደሚገባ እናውቃለን። አምስቱን አዲስ ሥዕሎች፣ እያንዳንዱን ከገዛ መሣሪያችን አንሥተን አዘጋጅተናል፤ በአሮጌዎቹ ፈንታ እናስረክባለን። የሚቀነስ ማርክ ካለ ይቀነስ። በተዋስነው ሥዕል ከቆየን ይልቅ በራሳችን አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ባየነው እንመዘን።