በሩ ከተከፈተ እንግዳውም ይጠራ

ዕውቀት ቢካፈሉት የማያልቅ ሀብት መሆኑን መምህራኖቻችን ዘወትር ይነግሩናል። ታዲያ ይህ ሀብት በየዩኒቨርስቲው ተከማችቶ ሳለ እኛ ዘንድ የማይደርሰው ስለ ምንድን ነው?

አጎቴ በባሮ ወንዝ ዓሣ እያጠመደ የሚኖር ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የዩኒቨርስቲ ተማሪ መጥቶ ስለ ዓሣው ዓይነትና ስለ ወንዙ ሙላት ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቀው። አጎቴም የሚያውቀውን ሳይሰስት ነገረው። ልጁ ግን ጽፎ ከሄደ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። አጎቴ እስከ ዛሬ ድረስ፣ «ያ ልጅ የጻፈው ነገር ወዴት ደረሰ?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም የምመልሰው የለኝም።

ዘንድሮ አንድ መምህራችን እንዳስረዱን፣ በየካቲት ወር 1994 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ምሁራን በቡዳፔስት ከተማ የመከሩበትን ሐሳብ ይፋ በማድረግ፣ የምርምር ጽሑፍ ሁሉ በኢንተርኔት ያለ ዋጋ እንዲነበብ ጠይቀዋል። በአገራችንም የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ፖሊሲ አወጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ማኅደሩ ያኖራል። መምህራችን በስልካቸው ማኅደሩን ከፍተው የጋምቤላን ስም ቢጽፉ፣ ስለ አኝዋክና ስለ ኑዌር ሕዝብ፣ ስለ ብሔራዊ ፓርካችንም የተጻፉ አርእስት ተደረደሩ። ክፍሉ በሙሉ ተደነቀ። ስለ ራሳችን የተጻፈውን ሳናውቅ 12ኛ ክፍል ደርሰናልና።

እንግዲህ በሩ ተከፍቷል፤ የሚጠራን ግን የለም። ድግስ ቢደገስ ያልተጠራ ሰው ምን ብሎ ይገባል? የቤተ መጻሕፍት ሥራ መጻሕፍትን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን አንባቢን መጥራትም ጭምር ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ጽሑፉ ክፍት ከሆነ ሰነፍ ተማሪ ይገለብጠዋል» ይላሉ። እርግጥ የሰውን ድካም የራስ አስመስሎ ማቅረብ ስርቆት ነው። ነገር ግን ሁሉ የሚያነበውን ጽሑፍ የሰረቀ ሰው ቶሎ ይያዛል፤ የተቆለፈውን የሰረቀ ግን ማን ያውቅበታል?

ስለዚህ የዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ፣ በከተማችን ያለው የጋምቤላ ዩኒቨርስቲም ጭምር፣ በዓመት አንድ ቀን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠርተው አፈላለጉን ቢያስተምሩን መልካም ነው። የኢንተርኔት ዋጋ ለብዙዎቻችን ከባድ ስለ ሆነ፣ ስለ ክልላችን የተጻፉትን በፍላሽ ገልብጠው ለትምህርት ቤቶች ቢሰጡ ወጪው ትንሽ ነው። ጽሑፎቹም አብዛኛዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸውና፣ ፍሬ ነገራቸው በአንድ ገጽ በአማርኛ፣ በአኝዋክኛና በኑዌርኛ ይጻፍ።

እኛም ተማሪዎች ጥሪው እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ፤ መምህራኖቻችንን እንጠይቅ፤ ያነበብነውንም ለወላጆቻችን እንንገር። ያን ጊዜ እኔም ለአጎቴ ጥያቄ መልስ ይዤ እቀርባለሁ።