ሥጋ ቤቱ በተዘጋበት ከተማ ካቶሊክ መሆን

ዘንድሮ የምዕራቡ ዓለም ፋሲካ መጋቢት 27 ነው፤ የእኛ ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ይህን አይቶ «ለመሆኑ እናንተ አገር ካቶሊክ ካለ በየትኛው ነው የሚፈስከው?» አለኝ። «እናንተ አገር» ያለው ደብረ ታቦርንና ዙሪያዋን ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ከጎረቤቱ ጋር። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤን የምታከብረው በአገሩ የቀን አቆጣጠር ነው፤ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ሥርዓቷም የግእዝ ነው። ቫቲካን አደባባይ ላይ የትንሣኤ ቅዳሴ ሲቀደስ ባሕር ዳር ያለው ካቶሊክ ገና ሆሳዕናን እያከበረ ነው።

እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፣ የነገረ መለኮት ሰውም አይደለሁም። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የጾምና የፋሲካ ቀን ሲነሳ ቀድሞ የሚታየኝ ገበያው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአገር ደረጃ የካቶሊኮች ድርሻ 0.7 በመቶ ነበር። በደቡብ ጎንደር ዞን ደግሞ ከ95 በመቶ በላዩ ኦርቶዶክስ ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ሙስሊም። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ካቶሊክ ቤተሰብ ቀኑን ለብቻው ልቁጠር ቢል ምን ይገጥመዋል?

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ ወደ ሽሮና በያይነቱ ይዞራል፣ ምስርና ዘይት ይፈለጋሉ። የፋርጣና የጉና ድንች በየቤቱ ወጥ ይሆናል። ሠርግ የሚደግስ ጾሙ ሳይገባ ጨርሷል። ገበሬው በጉን ለፋሲካ ያደልባል፤ ባለቤቱ ደግሞ ዶሮዋንና ቅቤዋን ለሰሙነ ሕማማት ገበያ ታቆያለች። ለብዙ ቤተሰብ ለማዳበሪያም ለዕዳም የሚሆነው ጥሬ ብር ከዚያች ሳምንት ነው የሚገኘው። ቅርጫ የሚገቡት ሰዎችም አስቀድመው ተነጋግረው ብር አዋጥተዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሁሉም ሰው ቀኑን በአንድ ላይ ስለሚያውቅ ነው። ማንም አዋጅ አላወጣበትም፣ ግን የትኛውም የመንግሥት ዕቅድ እንዲህ ሰዓቱን ጠብቆ ሲፈጸም አላየሁም።

እንግዲህ ያ ቤተሰብ ከሌላው አንድ ሳምንት ቀድሞ ልፈስክ ቢል ሥጋ የሚሸጥለት የለም፣ ቅርጫ የሚጋራው የለም። በግ ገዝቶ በጓሮው ቢያርድ የጥብሱ ሽታ በአጥር ዘሎ ጿሚ ጎረቤት ቤት ይገባል። የዶሮ ወጡን ማን ጠርቶ ያበላዋል? በበዓሉ ቀን ደግሞ ጎረቤት «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ሲጠራው የእሱ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ገንዘቡን እንኳ ብንተወው፣ ብቻውን መብላቱ ራሱ ለአገራችን ሰው ትልቅ ኪሳራ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በእኛው አካባቢ ተሞክሯል። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 በይፋ ካቶሊክ ሆኑ። ለዚያ ያበቃቸው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋውን የተማረ፣ ሰው የሚያዳምጥ፣ የማይቸኩል ሰው ነበር፤ ግን በዚያው ዓመት ሞተ። ተከትሎት የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በተቃራኒው የሚቸኩል ሰው ነበር። በ1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ታማኝነታቸውን በመሐላ ካረጋገጡ በኋላ ጥምቀቱ፣ ክህነቱ፣ ሰንበቱ፣ በዓላቱና አጽዋማቱ በሮም ሥርዓት እንዲሆኑ ታዘዘ። ለሜንዴዝ መኖሪያ ተብሎ የተሠራው የደብሳን ፍርስራሽ ዛሬም ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ እንፍራዝ አካባቢ አለ።

የታሪክ መጻሕፍት የሚያተኩሩት በክርስቶስ ባሕርይ ላይ በተደረገው ክርክር ነው። ክርክሩ ትልቅ ነበር፣ አልክድም። ግን የበጌምድርና የላስታ ገበሬ ጦር ያነሳው ስለ ሁለት ባሕርይ የላቲን መጻሕፍት አንብቦ አይመስለኝም። የነኩት ረቡዑን፣ ቅዳሜውንና ፋሲካውን ነው፤ ማለትም ቤቱን። ንጉሡም ዘግይተው ይህ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ዐመፁ ሲበረታ የድሮው ቅዳሴ፣ የድሮው በዓላትና የረቡዕ ጾም እንዲመለሱ ፈቀዱ። ከፈቃዱ የቀረው ፋሲካና ከፋሲካ ጋር የሚንቀሳቀሱት በዓላት ነበሩ። ዋናውን ይዘው ትርፍራፊውን መለሱለት ማለት ነው። በ1632 ወይና ደጋ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከረገፈ በኋላ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ።

ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት አለፈና በ1839 ጣሊያናዊው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ መጣ። የግእዙን ሥርዓት ያዘ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሰ፣ እንደ አገሩ ኖረ። ከተከተሉት ሰዎች ዋነኛው የመርጡለ ማርያሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እሳቸው በ1855 በእስር ላይ እያሉ ዐረፉ፤ ቀን አለመቀየር ከመከራ አላዳነም ማለት ነው። የተከሉት ግን አልተነቀለም። የዛሬው የግእዝ ሥርዓት ካቶሊክ የእነሱ ልጅ ነው። በነገራችን ላይ በዚያው ዘመን ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ጋፋት ላይ የነበሩትን ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ዐፄ ቴዎድሮስ ከስብከታቸው ይልቅ ለእጅ ሥራቸው ነበር የፈለጓቸው፤ መጨረሻቸው መድፍ መሥራት ሆነ። ሃይማኖት ሊያካፍል መጥቶ ሴባስቶፖልን አካፍሎ የሄደ ሌላ ቡድን አላውቅም።

ሃይማኖትን ማካፈል ሲባል በእኛ አካባቢ ወዲያው የሚነሳው ግን ስንዴው ነው። «እህል ይዘው የሚመጡት ሰው ሊወስዱ ነው» የሚል ጥርጣሬ አለ፤ መሠረት የለውምም አልልም። በተራበ ሰው ፊት ዳቦና ጥምቀት አብሮ ማቅረብ ስብከት አይባልም፣ ግዢ ነው። ደግሞም መጥፎ ግዢ ነው፦ በዋጋ የመጣ ሰው ዋጋው ሲቀር ይመለሳል። ግን ጥርጣሬውም ዋጋ ያስከፍላል። በ1977ቱ ድርቅ የካቶሊክ የረድኤት ድርጅቶች ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተጣምረው እህል አከፋፍለዋል፤ በኋላም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የገባችበት ኅብረት ተፈጥሯል። እህሉን የወሰደው አብዛኛው ሰው ማተቡን እንዳሰረ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። ከቁጥሯ ጋር ሲነጻጸር የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት እጅግ ብዙ ናቸው፤ ተጠቃሚያቸውም በአመዛኙ ካቶሊክ ያልሆነ ሰው ነው። እኛ ብዙኃኑ ይህን ቆጥረን አናውቅም።

ካቶሊኮች በአማራ ክልል የራሳቸውን ሀገረ ስብከት፣ የባሕር ዳር ደሴን፣ ያገኙት ገና በጥር 2007 ዓ.ም. ነው። ገና ራሱን ሳይችል ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ ቀጠለ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት። መንገድ ሲዘጋ የጉና በግ ወደ ባሕር ዳር አይወርድም፣ ዘይቱም ወደ ደብረ ታቦር አይወጣም። ሻጭም ገዢም አንድ ላይ ይከስራሉ። ሳይወድ በግድ የሚጾመው ሰው ሲበዛ የምጽዋቱ ጉዳይ ከዲያቆንም ከካቴኪስትም በላይ ይሆናል፤ በዚህ ዓመት ረመዳንም ከሁዳዴ ጋር በቀናት ልዩነት ስለገባ መስጊዱም አለበት። ለአንዲት ትንሽ የካቶሊክ ቁምስና ከዚህ የተሻለ የስብከት ጊዜ አይታየኝም፤ ስብከቱ ግን ማንንም ምን ነህ ሳይሉ ከደብሩና ከመስጊዱ ኮሚቴ ጋር ዝርዝር ይዞ እህል ማደል ነው። ለዚህ ደግሞ አብሮ የጾመ ሰው ከማንም በላይ በሩ ይከፈትለታል።

የቀን ነገር ከሮም በኩልም እየተነሳ ነው። የኒቅያ ጉባኤ 1700ኛ ዓመት በታሰበበት በ2017 ሁለቱ ፋሲካዎች ሚያዝያ 12 ላይ ገጥመው ነበር፤ ፖፕ ፍራንሲስም ከማረፋቸው በፊት ቤተ ክርስቲያናቸው ሁሉም የሚስማማበትን አንድ ቀን ለመቀበል ዝግጁ እንደሆነች ተናግረው ነበር። ቀጥሎ የሚገጥሙት ሚያዝያ 8 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። በመጪው ዓመት ግን ልዩነቱ ወደ አምስት ሳምንት ይሰፋል፦ የእነሱ መጋቢት 19፣ የእኛ ሚያዝያ 24። ሮም ላይ ፋሲካ ሲውል ደብረ ታቦር ገና መጻጉዕ ላይ ናት፤ ሥጋ ቤቱም ለመከፈት አምስት ሳምንት ይቀረዋል።