አዲስ ዓለም በፕላኑ ላይ ምን ተብላ ትጻፍ?



የጎንደር ቅርስ ሲባል የሁላችንም ዓይን ወደ ነገሥታቱ ግንብ ይሄዳል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴም አብረውት ተካተዋል። ይገባቸዋል። ከተማዋን ሲያለብስና ንግዷን ሲያንቀሳቅስ የኖረው የሙስሊሙ ሰፈር አዲስ ዓለም ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

አመሠራረቱን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር ወሰነ። አባቶቻችን ከቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ፤ ቦታው እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። የእርሻ ርስት ስላልነበራቸው ኑሯቸውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ መጀመሪያ ያረፈው በዚሁ በሙስሊሞች መንደር ነበር። ለማግለል የተሰጠውን ቦታ አባቶቻችን በሥራቸው ሰፈር አደረጉት።

አሁን የኮሪደር ልማት ጎንደር ገብቷል። ልማትን የሚጠላ የለም፤ የጎርፍ መውረጃ፣ ንጹሕ ውኃና መንገድ ማን ይጠላል? ጥያቄው ሌላ ነው። የሰፈር መልክ የመንገድ ዳር ግድግዳ ቀለም ብቻ አይደለም። ሸማኔው ከቤቱ ሳይርቅ መሥራቱ፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ለሶላት በእግሩ መድረሱ፣ ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት ቤት ጎረቤት መሆኑ፣ ለቅሶ ሲሆን ዕድሩ በአንድ ጥሪ መሰብሰቡ ነው። ፕላኑ ቦታውን «ለንግድ ሕንፃ» ብሎ ከመደበው፣ የፎቅ ቁጥሩንም ነባሩ ሰው ከማይችለው ካደረሰው፣ መስጊዱ ይቀራል፤ ሰጋጁ ግን ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄዷል። ሰው ሲበተን ዕድሩም ይበተናል።

የተሻለ ምሳሌ አገራችን ውስጥ አለ። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ግንቧና መስጊዶቿ ብቻ አልነበሩም የተቆጠሩት፤ መኖሪያ ቤቶቿና ጠባብ መተላለፊያዎቿም ጭምር እንጂ።

የመቃብር ቦታም የፕላን ጉዳይ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በከተማችን በቀብር ላይ የደረሰውን አንረሳም። ያ ቦታ ወሰኑ ሲያከራክር የቆየ ነበር። ለፈሰሰው ደም ተጠያቂው የገደለው ነው፤ ሆኖም በጊዜ ያልተሰመረ ወሰን ለጠብ ፈላጊ በር ይከፍታል። በካርታ ላይ የጠራ ወሰን ለመስጊዱም ለቤተ ክርስቲያኑም ሰላም ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ደንግጓል። ስብሰባው ሲጠራ እንገኝ፤ ቤት የሥራም የመኖሪያም ቦታ ሆኖ እንዲመደብ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የመስጊድ፣ የመድረሳና የመቃብር ይዞታዎች ካርታ እንዲኖራቸው ሽማግሌዎችና የመጅሊስ አመራሮች ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ይጨርሱ። ሦስተኛ፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ቦታውን በቅድሚያ የማልማት መብት ሰጥቶታል። አንድ ሰው ብቻውን ባይችል ጎረቤት ተደራጅቶ ይቻላል።

ግሬደሩ ደጅ ከቆመ በኋላ የሚጮህ ጩኸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አባቶቻችን በአዋጅ ተለይተው ያቀኑትን ሰፈር እኛ በዝምታ አንጣው። አላህ ሰፈራችንንም ጉርብትናችንንም ይጠብቅልን።