ሁለተኛው ማሽን

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሳሎኑ አምፖል ከልኩ በላይ ቦግ አለ፤ ከአልጋዬ ራስጌ ደግሞ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት አፍንጫዬ ላይ አየር ሲነፋ የኖረው ማሽን ጸጥ አለ። የተቃጠለው አዳፕተሩ ብቻ ቢሆን በቀለለ ነበር። ለገጣፎ ያለ ጠጋኝ ፈትቶ አየውና "ጋሼ፣ ቦርዱም ሄዷል፤ ቴሌቪዥን ቢሆን እሞክረው ነበር" አለኝ። በሦስተኛው ሌሊት ባለቤቴ ትራሷን አንስታ ወደ ልጆቹ ክፍል ተሻገረች።

እኛ ዘንድ ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ነው። "ተመችቶት ነው" ይባላል። መሀል ላይ ድምፁ ቁርጥ ብሎ ሰውየው ታፍኖ ሲባንን ደግሞ ነገሩ ወደ ዱካክ ይዞራል። ሐኪም ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው። እንቅልፍ ሲጸና የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ የአየር መተላለፊያው ይደፈናል፣ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል፤ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳል፣ ሰውየው ሳይታወቀው መልሶ ይተኛል። ይህ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ሲደርስ ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ ሲያልፍ ከባድ ይሉታል። ከባዱ የያዘው ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶ ራሱን እያመመው ይነሳል፤ የደም ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ይላል፤ ከእኛ ሰፈር ከለገዳዲ ተሳፍሮ መገናኛ እስኪደርስ አፉን ከፍቶ ያንቀላፋል። መሪውን የያዘው እሱ ከሆነማ አያድርስ ነው።

መላው የሚገርም ቀላል ነገር ነው። ሲድኒ ላይ ኮሊን ሰሊቫን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ከአቧራ መምጠጫ ሞተር በሠራው ማሽን በቱቦና በጭምብል አየር ነፋ፤ ግፊቱ የበሽተኛውን ጉሮሮ ከፍቶ ያዘው። በዓመቱ ላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት ከባድ ሕመም ላለበት ሰው የነበረው አማራጭ አንገትን በስቶ ቱቦ ማስገባት ነበር። ዛሬ ሲፓፕ የምንለው ያ ነው። እዚህ አገር ሆስፒታል ገብታችሁ "ሲፓፕ" ብትሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቁሟችሁ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው፤ እዚያ ያለው ውሃ ውስጥ አረፋ እያወጣ የሚሠራው ዓይነት ነው።

የእኔ ሲቃጠል ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የወንድሜ ልጅ "ጋሼ፣ እዚያ ገንዘብህን አትበትን፤ ትንሽ የተሠራበት እልክልሃለሁ" አለ። ነርስ የሆነችው የባለቤቴ እህት ደግሞ "የሰው አፍንጫ ሲነፋ የኖረ ዕቃ? እዚሁ አዲሱን ይግዙ፤ ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው አለ" አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ችግሩም ያ ነው።

ከልጁ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ የአረጋውያን የመንግሥት መድን አንድን ማሽን የሚቆጥረው ለ5 ዓመት ነው፤ ከዚያ ሌላ ይከፍላል። ስለዚህ ገና ብዙ መሥራት የሚችል ማሽን በየቁም ሳጥኑ ተቀምጧል። ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ አዳፕተሩም ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የእኛን 220 አይፈራም፤ ሶኬቱን ብቻ መለወጥ ነው። የሬስሜድ ኩባንያ የሚሠራውን ኤርሴንስ በአሮጌ ዋጋ ማግኘት ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ መዝግቦ፣ ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደ ቆመ፣ ጭምብሉ ስንት እንዳፈሰ በሜሞሪ ካርዱ ያስቀምጣል። የእንቅልፍ ምርመራ ላቦራቶሪ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ካርድ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

የእህቷም ፍርሃት ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሰኔ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ፊሊፕስ ድሪምስቴሽን የሚባለውን ጨምሮ ብዙ ሚሊዮን ማሽኖችን ከገበያ ጠራ። ድምፅ ለማፈን ውስጡ የተለጠፈው ስፖንጅ እየተፈረካከሰ ብናኙና ጋዙ በሚተነፈሰው አየር ሊገባ ይችላል ተባለ። ሙቀትና እርጥበት፣ በተለይ ደግሞ በኦዞን ማጽዳት ያባብሰዋል። ኩባንያው በኋላ ባስደረገው ምርመራ ጉዳቱ መጀመሪያ እንደ ተፈራው አይደለም አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን ማስረጃው አልበቃኝም ብሎ ተጨማሪ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ ማሽን መሸጥ እንደሚያቆም ተናገረ፤ በሚያዝያ ጥፋቱን ሳያምን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እዚያ አገር በሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑም አይረሳ። ታዲያ ከቁም ሳጥን የሚወጣው "ብዙ ያልተሠራበት" ማሽን ያኔ የተጠራው እንዳይሆን ምን ያግደዋል? ከመታሸጉ በፊት የጀርባውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንስቶ ማጣራት፣ ከዚያ የሠራበትን ሰዓት ማየት ነው። ኤርሴንስ 10 የሞተሩ ዕድሜ ሲያልቅ ራሱ በስክሪኑ ላይ ይናገራል። ልጁን እንዲህ አድርግ ስለው "ጋሼ፣ መኪና የምትገዛ መሰለህ እኮ" አለኝ። መኪናማ ቀን ነው የሚነዳው።

አዲሱን ከአዲስ አበባ አስመጪ መግዛትስ? እዚህ ገበያ በአንጻራዊ ቅናሽ ዋጋ የሚገኙት እንደ ቢኤምሲና ዩዌል ያሉ የቻይና ሥራዎች ናቸው። "የቻይና" የሚለው ቃል ስድብ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ግፊቱ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው፤ ራሱን የሚያስተካክለውም ቋሚውም አለ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሕክምና መሣሪያን መዝግቦ እንዲቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን አለው፤ ስለዚህ አስመጪውን "ተመዝግቧል ወይ?" ማለት ነውር አይደለም። ደረሰኝ ይሰጣል፤ ዋስትና ይጽፋል። ዋጋው ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሌላ ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። የዋስትና ወረቀትም የሚያገለግለው መለዋወጫ ሲኖር ነው። አንድ ሻጭ ዘንድ ማሽኑ በመስኮት ተደርድሯል፤ የጭምብሉን ሲሊኮን ለብቻ ስጠይቅ ግን "ከነማሽኑ ነው የሚመጣው" አለኝ። ሲሊኮኑ በወራት ውስጥ ይላላል፣ ከዚያ አየር በዓይን በኩል ይነፍሳል፣ ሰውየውም ማሽኑን አጥፍቶ ይተኛል። ደግነቱ የቱቦው አፍ በአብዛኛው አንድ ዓይነት፣ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የአንዱን ድርጅት ጭምብል ከሌላው ማሽን ጋር መግጠም ይቻላል። ለመንገደኛ የሚሸጠው ትንሹ ኤርሚኒ ከዚህ ይወጣል፤ የራሱን መገጣጠሚያ ይፈልጋል። ለስጦታ የሚመጣው ደግሞ ስለሚያምር እሱ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ዱባይ ላለ ሰው ይሠራል። ለገዳዲ ሲደርስ ሁለት ነገር ይጨመራል፤ እኔም ጊዜዬን ያጠፋሁት በእነሱ ላይ ነው።

አንደኛው ከፍታ ነው። ተራራ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያንኑ ግፊት ለማውጣት ነፋሹ በኃይል መሽከርከር አለበት፤ አቅሙ ሲያልቅ ግፊቱ ይወርዳል። አምራቾች የሚችሉትን ከፍታ በመመሪያው መጨረሻ፣ ማንም በማያነበው ገጽ ላይ ይጽፉታል። የድሪምስቴሽን 2,286 ሜትር ነው። የኤርሴንስ 10 2,591። የኤርሴንስ 11 3,010። አሁን የእኛን ሰፈር አስቡ። ሰበታ 2,350 ገደማ ነው፤ ለገዳዲ ከ2,400 ይበልጣል፤ ሯጮቻችን የሚሠለጥኑበት ሱሉልታ 2,700 አካባቢ ነው። ድሪምስቴሽን በወረቀት ደረጃ ለሰበታም አይበቃም። ኤርሴንስ 10 ለገዳዲ ያድራል፤ ሱሉልታ ሲወጣ ከልኩ ያልፋል። ይህ ማለት ማሽኑ ይቆማል ማለት አይደለም። በ8 ግፊት የሚታከም ሰው ልዩነቱ ላይታወቀው ይችላል፤ 17 እና 18 የታዘዘለት ግን የሚደርሰው ያ ላይሆን ይችላል። አሮጌዎቹ ላይ ከፍታን በእጅ ማስገባት ሁሉ ያስፈልግ ነበር፤ ባሕር ዳርቻ አጠገብ የኖረ ማሽን ሳይስተካከል እዚህ ሲነፋ ቁጥሩ ሌላ፣ አየሩ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ "የትኛው ይሻላል?" ለሚለኝ የሱሉልታ ሰው መጀመሪያ የምመልሰው "ስንት ታዘዘልህ?" ብዬ ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። አየሩን የሚያረጥበው የውሃ ማሞቂያ ከጠፋ ማሽኑ ብዙ አይበላም። 30 ዋት ብለን አስፍተን ብንይዝ፣ ለሰባት ሰዓት 210 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒየር ሰዓት የመኪና ዓይነት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ይሰጣል፤ ወደ ሦስት ሌሊት ነው። ማሞቂያው ሲበራ ፍጆታው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ስፖንጁ ያስጠራው ድሪምስቴሽን በ12 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ከባትሪና ከሶላር ጋር ይስማማል፤ ኤርሴንስ 24 ቮልት ስለሚፈልግ መሀል ላይ ሌላ መቀየሪያ ይገባል። ኢንቨርተር ማድረግም ይቻላል፤ ግን ንጹሕ ሞገድ የሚያወጣው ይሁን፣ ርካሹ አዳፕተር ይጠብሳል። የትኛውም ማሽን ቢመጣ ከፍሪጁ ጋር ስታብላይዘር ይጋራ። ይህን የምለው ከተቃጠለብኝ በኋላ ነው።

በቋሚና ራሱን በሚያስተካክለው መካከል ክርክሩ አጭር ነው። ራሱን የሚያስተካክለው በሁለት ቁጥር መካከል እየወጣ እየወረደ ስለሚፈልግ፣ ላቦራቶሪ ገብቶ ግፊቱን ማስለካት ላልቻለ ሰው ይመቻል። የልብ ድካም ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ግን በራሱ አይጀምረው፤ ትንፋሹ የሚቆመው በጉሮሮ መደፈን ሳይሆን አንጎሉ ትእዛዝ ሳይሰጥ ቀርቶ ከሆነ ግፊት መጨመር አይፈታውም። ከፍታ ቦታ ደግሞ ያንን ዓይነት ያበዛል። ልብ ውስጥ ፔስሜከር ያለው ሰው ማግኔት ያለበትን ጭምብል ይተው፤ ሬስሜድም ፊሊፕስም ማስጠንቀቂያ አውጥተውበታል።

ስለ ውሃው አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከእኛ ግድብ ትጠጣለች፤ እኔ ግን ለማሽኑ እርጥበት መስጫ የሚሆን ውሃ ለገዳዲ ላይ አጥቻለሁ። አምራቾቹ የሚሉት ተንኖ የተጠራቀመ፣ ማዕድን የሌለው ውሃ ነው። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ማዕድኑን አያወጣም፤ የታሸገውም ያው ነው። ጋራዥ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ የመከሩኝ አሉ፤ በአሲድ ጀሪካን ሊቀዳ የሚችልን ነገር ለሳንባዬ አልሰጥም። እኔ የታሸገውን አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ፤ ነጩ ቅርፊት ሲይዝ በውሃ በቀጠነ አቸቶ አጥባለሁ። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ እርጥቡ አየር ቱቦው ውስጥ ጠብታ ሆኖ አፍንጫዬ ላይ ይንጠባጠባል። የሚሞቅ ቱቦ ይሸጣል፤ ባለቤቴ የቀድሞውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ዙሪያውን ሰፋችው፣ ሠራም።

ታዲያ ምን ገዛሁ? የእኔ ግፊት 11 ነው። ልጁ ያገኘው ማሽን መለያ ቁጥሩ ከተጠሩት ውስጥ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ እስኪፈልግ ደግሞ ወር ይወስዳል። ያን ያህል ጊዜ ልጆቹ ክፍል ማደር ባለቤቴን የሚያስደስታት አልመሰለኝም። መሀል አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ራሱን የሚያስተካክል የቻይና ማሽን ገዛሁ፤ ከመክፈሌ በፊት መመሪያውን ተቀብዬ የከፍታውን ገጽ ስፈልግ ሻጩ በመገረም ያየኝ ነበር። ከእኛ ከፍታ በላይ ይጽፋል። ሱሉልታ ብኖርና ግፊቴ 18 ቢሆን ግን ኤርሴንስ 11 ከውጭ እስኪመጣ እታገሥ ነበር፤ ልጁም ትክክል፣ እህቷም ስሕተት ይሆኑ ነበር።

ልጁ እንዳይከፋው ጭምብሉን ለእሱ ተውኩለት። ፊቴን ለክቼ ልኬያለሁ፤ ሦስት ሲሊኮንና አንድ ሙሉ ጭምብል ገዝቶ አስቀምጧል። ለጥምቀት የሚመጣ ሰው አለ፤ ከሻንጣው ሁለት ኪሎ ይዘንለታል።