«ችግር የለም» ያለኝና «አላውቅም» ያሉኝ

የዛሬው ጨዋታችን ከፍቅር ጣጣ ትንሽ ወጣ ይላል። አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «የምተዳደረው በምሽት ክበብ ቤዝ ጊታር በመጫወት ነው። የጊታሬ አንገት እንጨት ሳይሆን ግራፋይት ነው። ፍሬቶቹ ተበልተው ድምፁ ዝዝ ማለት ጀምሯል። አንድ ጠጋኝ በአንድ ቀን ሙሉውን እቀይርልሃለሁ ብሎኛል። ልስጠው ወይስ ልተወው?»

ወንድሜ፣ ቆይ! ከመስጠትህ በፊት የእኔን ጉድ ስማ።

እኔም በወጣትነቴ የባንድ ልጅ ነበርኩ። የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ በካሴት እየሰማሁ ነው ጣቴን ያፍታታሁት። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለእረፍት ስትመጣ አንድ ያገለገለ ቤዝ ይዛልኝ መጣች። አንገቱ ጥቁር፣ አናቱ ላይ መቃኛ የሌለው፣ ጉደኛ ነገር! የሰፈር ልጆች «ራሱን ማን ቆረጠው?» እያሉ ሳቁብኝ። ሲሰሙት ግን ዝም አሉ።

ግራፋይት ሲባል የእርሳሱ እንዳይመስላችሁ። ካርቦን ፋይበር የሚባለው ክር በኢፖክሲ ሙጫ ተነክሮ የደረቀ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጄፍ ጉልድ የተባለ የኤሮስፔስ ባለሙያ ለሳተላይት የሚያገለግለውን ቁስ ለቤዝ አንገት ማዋልን አሰበ። በ1980ዎቹ ደግሞ የኔድ ስታይንበርገር ራስ አልባ ቤዝ በየመድረኩ ታየ። እንዲህ ያለውን አንገት እርጥበት አያጣምመውም። ፍሬቱ ግን ያው እንደማንኛውም ጊታር ነው፤ ክር ሲፈገፍገው ያልቃል።

የእኔም አለቀ። አንድ ሠርግ ላይ ቤዜ ዝዝ ሲል ድምፃዊው ዞር ብሎ አፈጠጠብኝ። የባንዱ መሪ በማግስቱ «ወይ አሠራው፣ ወይ ሌላ ሰው ልፈልግ» አለኝ። እንጀራዬ ነውና ሮጥኩ።

የመጀመሪያው ጠጋኝ ጊታሩን እንኳ ሳያገላብጥ «ችግር የለም፣ ነገ ና» አለኝ። ነገ ስሄድ አራት ፍሬት ነቅሎ፣ ከስንጥቁ ጠርዝ ላይ ጥቁሩን ቅርፊት አንስቶ፣ አዲሱን ፍሬት በመዶሻ እየቀጠቀጠ «እምቢ አለኝ እኮ» ይለኛል!

ለምን እምቢ እንዳለው በኋላ ገባኝ። ፍሬት እግሩ ላይ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። በመዶሻ ሲመታ ጥርሶቹ እንጨቱን ነክሰው ይይዛሉ፤ እንጨት ትንሽ ቦታ ይለቃል። ግራፋይት ግን አይለቅም። ስንጥቁ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የወፈረ እግር በጉልበት ስታስገባበት ወይ ጠርዙ ይላጣል፣ ወይ ፍሬቶቹ ተደምረው እንደ ሽብልቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይለምጡታል። የእንጨት አንገት ቢለመጥ በውስጡ ያለውን የብረት ዘንግ በመፍቻ ታስተካክለዋለህ። ከግራፋይት አንገቶች ብዙዎቹ ግን ይህ ዘንግ የላቸውም። እንደተለመጠ ቀረ ማለት ነው።

ጊታሬን ነጥቄ ወጣሁ። ሰው ጠቁሞኝ ክራርም ጊታርም የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካገላበጡት በኋላ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም። ካልቸኮልክ ግን ጠይቀን እንሞክረዋለን። ከቸኮልክ ውሰደው» አሉኝ። በሆዴ ተናደድኩ። ቢሆንም ተውኩላቸው።

እህቴ እዚያው አሜሪካ ግራፋይት የሚሠራ ባለሙያ አፈላልጋ በስልክ ጠየቀችልን፤ የፍሬት ሽቦም በመንገደኛ ላከች። አባባ መጀመሪያ ያደረጉት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አጋድመው በብርሃን ማየት ነው። ከ24ቱ የግድ መቀየር ያለባቸው ሰባት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ አራቱ ቀድሞውኑ የተነቀሉት ናቸው።

የቀሩትን ሦስቱን ሬዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት ካውያ አሞቁ፤ ያውም ሙጫው እስኪላላ ብቻ። ሙቀቱ ከበዛ የአንገቱ ኢፖክሲ ራሱ ይጎዳል። ከዚያ ቀስ አድርገው ነቀሉ፤ ስንጥቁን ከአሮጌ ሙጫ አጸዱ። የአዲሱን ፍሬት ጥርሶች ሞርደው በመዶሻ ሳይሆን በእጅ ግፊት እንዲገባ አደረጉት። የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ኢፖክሲው ነውና ጭነው አሳደሩት። የተላጠውንም ጠርዝ በዚያው ሞሉ። በመጨረሻ ሁሉንም በረጅም ሞረድ አንድ ልክ አድርገው አናታቸውን መልሰው አከበቡ። ሲሞርዱ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ነው፤ የካርቦን ብናኝ ለሳንባ አይበጅም። ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ ፒክአፑን በፕላስተር ሸፈኑት።

አምስት ሳምንት ፈጀ። እስከዚያ በውሰት ቤዝ ሠራሁ። በራሴ ጊታር በተመለስኩበት ምሽት የባንዱ መሪ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ለቤዝ ተጫዋች ከዚህ በላይ ምስጋና የለም!

እንግዲህ ወንድሜ፣ ያንን ጠጋኝ ሦስት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ ፍሬቱ የተተከለበት ሰሌዳ ምንድን ነው? አንገቱ ግራፋይት ሆኖ ሰሌዳው እንጨት የሆነ አለ፤ ያኛው ሥራው ይቀላል። ሁለተኛ፣ አንገቱ ማስተካከያ ዘንግ አለው ወይስ የለውም? ሦስተኛ፣ የግድ መቀየር አለበት ወይስ መሞረድ ይበቃዋል? ፍሬቱ ገና ቁመት ካለው መሞረዱ ብቻ ዓመታት ያስኬድሃል። መቀየሩ የግድ ከሆነና ስቴንለስ ፍሬት ካገኘህ እሱ ይበልጥ ይቆያል፤ ለመሞረድ ግን አስቸጋሪ ነው።

ሦስቱንም አይቶ ከመለሰልህ ስጠው። ሳያይ «ችግር የለም» ካለህ ግን ጊታርህን ይዘህ ውጣ። ችግሩ የሚመጣው ላንተ እንጂ ለእሱ አይደለም።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!